በስኳር ጆንያ ውስጥ የነበረው ቢጫ ክር

እትዬ ሃረገወይንን «እንዴት ያሉ ገር ሴት ነበሩ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ሳቄ ይመጣል። ደግነታቸውን አልክድም፤ ብክድ አላህ ይቆጣኛል። ገር ግን? ወላሂ፣ ምላሳቸውን ያልቀመሰ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። እኔ ሸሪፋ፣ አጥር ለአጥር ተጎራብቻቸው የኖርኩት፣ እውነቱን ልንገራችሁ፤ እትዬ ሃረግ ቁጡ ነበሩ። ቀድመሽ ብትሄጂ «ምን አስቸኮለሽ» ነው፣ ብትዘገዪ «የት ተገትረሽ ነው» ነው። በተለይ ኪሮሻቸውን ይዘው ከተቀመጡ ሰላምታ የሚሰጣቸው ሰው ራሱን ነቅንቆ ብቻ ነው የሚያልፈው።

ሰፈራችን ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ወዲህ፣ ወደ ገርጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። መንገድ አልኩት እንጂ ክረምት ከገባ ጭቃ ነው፤ ቦቲ ያላደረገ አይሻገረውም። አውሮፕላን ሲነሳ የቆርቆሮ ጣራችን ይንቀጠቀጣል፣ ወሬያችን ይቋረጣል፤ ካለፈ በኋላ ካቆምንበት እንቀጥላለን። እትዬ ሃረግ ብቻ አውሮፕላን መጣ ብለው እጃቸውን አያቆሙም።

ኪሮሽ የተማሩት በልጅነታቸው ፒያሳ አንዲት አርመናዊት እመቤት ቤት ተቀጥረው ሳሉ ነው። ሌላው ሰው በኪሮሽ ዳንቴል ይሠራል፤ ለሶፋው፣ ለሬዲዮው ማልበሻ። እሳቸው ግን «ሬዲዮ አይበርደውም» ይላሉ። የሚሠሩት የሕፃን ብርድ ልብስ ብቻ ነበር። የራሳቸው ልጅ አልነበራቸውም፤ ባላቸውም ቀደም ብለው ነው የሞቱት። በሰፈሩ ልጅ ሲወለድ ግን፣ ክርስቲያን ይሁን እስላም፣ የማንም ይሁን፣ የእትዬ ሃረግ ብርድ ልብስ ሳይለብስ አይቀርም።

ክሩን አይገዙም። የሰፈራችን ሹራብ ክርኑ ሲቀደድ ሌላ መሄጃ አልነበረውም፤ ወደ እሳቸው ቤት ነው። ሹራብ ለወለል መወልወያ ያደረገ ሰው ካገኙማ ጉድ ፈላ፤ ለሳምንት አያናግሩትም። ሹራቡን ይፈቱታል፣ ክሩን በሳሙና ያጥቡታል፣ ከዚያ ከታቹ ድንጋይ አስረው ገመድ ላይ ይሰቅሉታል። የተፈታ ክር እንደ ሕፃን ጠጉር ተንጨባሮ ነው የሚወጣው፤ ድንጋይ ካልጎተተው አይቃናም። ግቢያቸው ገብቶ ድንጋይ የታሰረበት ክር ተንጠልጥሎ ያየ እንግዳ፣ የመተት ነገር መስሎት እያማተበ ይወጣል። ሲደርቅ እየጠቀለሉ ልቃቂት ያደርጉትና ያስቀምጡታል። ልጅ ሲወለድ ከየቤቱ ሹራብ አንድ አንድ ካሬ ይሠሩና ካሬዎቹን ያጋጥሟቸዋል። «የሰፈር ልጅ የሰፈር ክር ይልበስ» ነበር አባባላቸው።

እንርዳዎት ማለት ክልክል ነው። እኔ ደፍሬ ጠይቄ አንድ ጊዜ አስተምረውኛል፤ ማስተማር ካላችሁት። የሠራሁትን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው «ይሄ ምንድን ነው? ጥንቸል የበላችው ጎመን?» አሉኝ። ከዚያ ያቺ ቃላቸው መጣች። «ፍቺው!» ፈታሁት። እንደገና ሠራሁ። «ፍቺው!» የራሳቸውንም ሥራ ቢሆን አይምሩም፤ አንዲት ዓይን ከተሳሳተች መስመሩን ሁሉ ይተረትሩታል።

እንግዲህ ስለ ቢጫው ክር ልንገራችሁ። ሙክታርን አግብቼ ከስልጤ አዲስ አበባ ስመጣ እናቴ የገዛችልኝን ቢጫ ሹራብ ለብሼ ነበር። ሌላ የሚሞቅ ልብስ ስላልነበረኝ ቀን ከሌት ለበስኩትና ክርኑ ቶሎ አለቀ። እትዬ ሃረግ ወሰዱት። ፈትተው፣ አጥበው፣ ጠቅልለው፣ «ይሄ ላንቺ ልጅ ነው፤ ለሌላ አልነካውም» ብለው ከጆንያው ሥር ከተቱት።

ልጁ አልመጣም። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አምስት ዓመት። በሰፈሩ ሴት ሁሉ ወለደች። የቀበሌው ጥበቃ የላጲሶ ሚስት እንኳ በአንድ ጊዜ መንታ ወለደች፤ እትዬ ሃረግም እየተቆጡ ሁለት ብርድ ልብስ ሠሩ። ቢጫ ክር ሲያልቅባቸው አይቻለሁ። ከጎረቤት ሲለምኑ፣ ነጩን በእርድ ሲነክሩ አይቻለሁ። የኔን ግን አልነኩትም። ክሩ እዚያ መኖሩን አውቃለሁ። የባሌ እናት «ሌላ ያግባ» ማለት በጀመሩበት ዓመት፣ ልጅ ይመጣልሻል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ከእኚያ ቁጡ ሴት ሌላ አልነበረኝም። በዘጠነኛው ዓመት አረገዝኩ። አልሀምዱሊላህ! ስነግራቸው ቀና አላሉም፤ «ታዲያ ምን ትጮሂያለሽ፣ ጎረቤት ትረብሺያለሽ» አሉኝ። ኪሮሿ ግን አንዲት ዓይን ስትስት አየሁ።

ዘመኑ የኩፖን ዘመን ነው። ሰባ አራት ዓ.ም. ነሐሴ ላይ፣ እኔ ሆዴ ገፍቶ ሳለ፣ ስኳር ጠፋ። ሕብረት ሱቁ ደጃፍ ቆመን ቆመን ባዶ ዘንቢል ይዘን እንመለስ ጀመር። የደበቀ አሻጥረኛ አለ ተባለና ቀበሌው ቤት ለቤት ፍተሻ አዘዘ።

እትዬ ሃረግ ክራቸውን የሚያስቀምጡት በጆንያ ነው። ጆንያውን የሰጣቸው ደግሞ የኔው ጉድ ሙክታር ነው፤ ያኔ ትንሽ ሱቅ ነበረችው። ባዶ የስኳር ጆንያ! «ስኳር» የሚል በትልቁ የታተመበት! አራቱን ጆንያ እስካፋቸው ሞልተው አልጋ ሥር ደርድረዋቸዋል።

ላጲሶ ጠመንጃውን በትከሻው አድርጎ ገባ፣ ጎንበስ ብሎ አልጋ ሥር አየና «ተገኘ!» ብሎ ጮኸ።

እትዬ ሃረግ አልጋው ላይ ተቀምጠው ኪሮሻቸውን እየሠሩ ነበር። «ምንድን ነው የሚያስጮህህ? እባብ ረገጥክ?» አሉት። ፍልሰታ ስለነበር ጾሙ ቁጣቸውን እጥፍ አድርጎታል።

ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ገብረሃንስ በደስታ ፊታቸው እያበራ ገቡ። ጆንያውን አስጎትተው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው ከተቱ። ሲያወጡት በእጃቸው የመጣው ቀይ ልቃቂት ነው። እንደገና ከተቱ፤ አረንጓዴ መጣ። ሰው ባይስቅ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እኛ ግን ሳቅን። በተለይ ጡረተኛው ሾፌር አቶ ኣፅብሃ፣ ድምፃቸው እንደ መኪና ክላክስ ነው፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ሻዩን በየትኛው ቀለም ነው የሚጠጡት?» አሉ።

የሊቀመንበሩ ፊት ጠቆረ። «ክምችት ክምችት ነው!» አሉ። «ስኳርም ይሁን ክር! ሰፊው ሕዝብ በብርድ እየተንቀጠቀጠ አንድ ግለሰብ አራት ጆንያ ክር አልጋ ሥር? ይታሸግ!»

ጆንያዎቹ ተጭነው ቀበሌ ሄዱ። በሚቀጥለው እሁድ ለሕዝብ ስብሰባ ይቀርባሉ ተባለ። ክሩ ለሕብረት ሱቅ ገቢ ሆኖ እንደሚሸጥ ገና ከወዲሁ ይወራ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሄጄ አየኋቸው። ይሳደባሉ፣ ይራገማሉ ብዬ ነበር። ኪሮሿ ግን ጭናቸው ላይ ባዶዋን ናት። ያስደነገጠኝ እሱ ነው። «ያንቺ ቢጫ ከሥር ነው፣ ሸሪፍዬ» አሉኝ። «ከሁሉም ሥር።» ሸሪፍዬ ብለውኝ አያውቁም።

ቤቴ ገብቼ ሙክታርን «ጆንያውን የሰጠሁት እኔ ነኝ ብለህ ተናገር» አልኩት። እሱ እቴ! «ዝም አይነቅዝም፣ ሸሪፋ። ባለሱቅ ነኝ፤ ስኳር የሚል ነገር ከኔ ስም ጋር ከተነሳ አልቆልኛል» አለኝ። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ብዬው ተኛሁ። እውነቱን ነበር፤ ዘመኑ አስፈሪ ነው። ግን በሰዓቱ እውነት መስማት አልፈለግሁም።

እሁድ አዳራሹ ጢም አለ፤ የቀረ ሰው ኩፖኑ ስለሚያዝ የማይቀር የለም። መፈክሩ ተባለ። አራቱ ጆንያ መድረኩ ላይ እንደ ወንጀለኛ ቆመዋል። እትዬ ሃረግ ከፊት ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ሊቀመንበሩ ስለ አሻጥር ረጅም ንግግር አደረጉና «እንግዲህ ክሩ ለሕብረት ሱቅ ገቢ ይሁን። ተቃውሞ ያለው?» አሉ።

ሙክታር ቀሚሴን ይዞ ይጎትተኛል። ምን እንደምል አላሰብኩም ነበር፤ ወላሂ አላሰብኩም። ሆዴ ቀድሞኝ ተነሳ።

«ያ ቢጫው የኔ ነው!»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። «ምን ማለትሽ ነው?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«የኔ ነዋ! እናቴ ለሠርጌ የገዛችልኝ ሹራብ ነው። እትዬ ሃረግ አላከማቹም፤ ያስቀምጡልኝ ብዬ ነው የሰጠኋቸው። ለልጄ!» ስል ማልቀስ ጀመርኩ። እርጉዝ ሴት ስታለቅስ ማን ይከለክላታል?

አቶ ኣፅብሃ ከኋላ ተነሱ። «አረንጓዴው የኔ ነው! ሃያ ዓመት መኪና የነዳሁበት ሹራብ ነው!»

«ቀዩ የኔ ነው» አለች አንዷ። «ነጩ የእናቴ ነው» አለ ሌላው። አዳራሹ በአንድ ጊዜ ተንጫጫ። በር ላይ የቆመው ላጲሶ ጠመንጃውን ከትከሻው ወደ ትከሻው አዛወረ፣ ጉሮሮውን ጠረገና «ሰማያዊው… የመንቶቹ እናት ነው» አለ፤ ጫማውን እያየ።

«ላጲሶ! አንተም?» አሉ ሊቀመንበሩ።

በዚህ መሀል ከሴቶቹ ረድፍ ሙሉነሽ ተነሳች። ሙሉነሽ የሊቀመንበሩ ሚስት ናት፤ ስብሰባ ላይ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። «ግራጫው የኛ ነው» አለች። «አምና እዚሁ መድረክ ላይ ለብሶት ሲናገር አይታችሁታል። ክርኑ ሲቀደድ እኔ ነኝ ለእትዬ ሃረግ የወሰድኩት።»

ሳቁ ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። አውሮፕላን ቢያልፍ እንኳ አይሰማም ነበር። ሊቀመንበሩ መሐረባቸውን አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ። ሰውዬው ሞኝ አይደሉም፤ መውጫ ፈለጉ፣ አገኙም። እጃቸውን አንስተው «ጓዶች! ክሩ የግለሰብ ሳይሆን የብዙኃኑ ሆኖ ተገኝቷል!» አሉ። አጨበጨብን። መዳናችን ነው ብለን ስናበቃ ቀጠሉ። «የብዙኃኑ ጥሬ ዕቃ ደግሞ ያለ ሥራ አይቀመጥም! እያንዳንዱ የራሱን ልቃቂት ይውሰድ፤ ለሚቀጥለው ስብሰባ በገዛ እጁ ወደ ምርት ቀይሮ ያቅርብ! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!»

እትዬ ሃረግ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «እነዚህ? እነዚህ ሊሠሩት? የነሱ ድር እንኳን አንበሳ ድመትም አያስር!»

ማን ይስማቸው! ልቃቂቱ ለየባለቤቱ ታደለ። እኔም ቢጫዬን ታቅፌ ቤቴ ገባሁ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? የዚያን ዓመት ጉድ እሱ ነው። ኪሮሽ የለም፤ አቶ ኣፅብሃ የብስክሌት ራጂ፣ ያን ቀጭን የጎማ ሽቦ፣ እየቆረጡ፣ ጫፉን በፒንሳ እያጠመዱ፣ ለየቤቱ አደሉ። ወንዱ በሩን ዘግቶ እንደ እትዬ ሃረግ አንድ ካሬ ለመሥራት ይሞክራል። ላጲሶ ቀበሌው በር ላይ ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ ሰማያዊ ክር ሲታገል ይውላል፤ ሰው ሲመጣ ኮፍያው ውስጥ ይደብቀዋል። እትዬ ሃረግ ቦቲያቸውን አጥልቀው፣ ጃንጥላ ይዘው፣ በጭቃው ከቤት ቤት ይዞራሉ። ከየቤቱ የምትሰማው ያችን አንዲት ቃል ነው። «ፍታው!» «ፍቺው!» «ኣፅብሃ፣ ይሄ ጎማ ነው ወይስ ካሬ? ፍታው!» እንዲያ የተደሰቱበትን ጊዜ አላስታውስም። አይሉም እንጂ ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር።

ለኔ ግን አልሳካልኝ አለ። እጄ አብጧል፣ ሆዴ ለክሩ ቦታ አልሰጥ ብሏል። ያን ያህል ዓመት የተጠበቀ ክር እጄ ላይ ተበላሸ ብዬ አነባለሁ። አንዱ ጎን ይረዝማል፣ አንዱ ያጥራል፣ መሀሉ ላይ ጉድጓድ አለ። እትዬ ሃረግ አይተው «በዚህ በኩል የልጅሽ እግር ሾልኮ ይወጣል። ፍቺው» አሉ። ልፈታው አስቤ ነበር፤ ጳጉሜ ላይ ምጥ መጣ። ካሬው ወንበር ላይ እንዳለ ቀረ።

ሴት ልጅ ወለድኩ። ሐሊማ ልንላት ወሰንን። ሙክታር እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ የአህያ ባል ማለቴን ያን ቀን ማረኝ አልኩት።

ምርት የቀረበበት ስብሰባ እኔ አራስ ሳለሁ ነው የተደረገው። ካሬዎቹ ገመድ ላይ ተሰቅለው ተጨበጨበላቸው አሉ። ከዚያ ሴቶቹ ሰብስበው ለእትዬ ሃረግ ወሰዱላቸው፤ የኔንም ከወንበሩ ላይ አንስተው ጨመሩት። «እንግዲህ ይፍቱትና በወጉ ይሥሩት» ብለዋቸው ወጡ።

የልጄ አቂቃ በሰባተኛው ቀን ነው። ስም የሚወጣላት፣ በግ የሚታረድላት፣ ሰፈሩ የሚሰበሰብላት ቀን። በሰፈራችን ደግሞ ልጅ ለእንግዳ ስትታይ የእትዬ ሃረግ ብርድ ልብስ ለብሳ ነው። የቀረው ጥቂት ቀን ነው። ያን ሁሉ ፈትተው፣ አጥበው፣ ድንጋይ አስረው፣ እንደገና ሠርተው ይደርሳሉ? ሙክታርን በአጥር እንዲያይ ላክሁት። «ካሬዎቹን አልጋ ላይ ዘርግተው ቆመዋል» አለኝ። «ኪሮሽ አልያዙም።» በማግስቱም ላክሁት። «በራቸው ዝግ ነው» አለ። ዞሬ ግድግዳ ግድግዳ እያየሁ አለቀስኩ። የስንቱ ልጅ ለብሶ፣ ያን ያህል የጠበቅኳት ልጄ ብቻ በባዶ ጋቢ ልትወጣ!

ቀኑ ደረሰ። የኛ በግ ታረደ፤ ለክርስቲያኖቹ ደግሞ አቶ ኣፅብሃ ለብቻው አረዱ። ቤቱ ሞላ። ሊቀመንበሩም ከሙሉነሽ ጋር መጥተው ጥግ ተቀምጠዋል። እትዬ ሃረግ የሉም። ልጄን በጋቢ ጠቅልዬ ልወጣ ስል በሩ ላይ ድምፃቸውን ሰማሁ። «ምን ተገትራችሁ በሩን ዘጋችሁት? ዞር በሉ!»

ነጠላቸው ሥር የያዙትን አውጥተው ጭኔ ላይ ዘረጉት።

ያ አላህ! እንዲያ ያለ ብርድ ልብስ አይቼ አላውቅም። የአቶ ኣፅብሃ አረንጓዴ ክብ ነው፤ የላጲሶ ሰማያዊ እንደ ኮፍያው ጎብጧል። ቀዩ ጠቧል፣ ነጩ ተወጥሯል። ጠማማውን ከጠማማው ጋር በእንዴት ያለ ብልሃት እንዳገጣጠሙት እንጃ። መሀል ላይ፣ ከነጉድጓዱ፣ የኔ ቢጫ አለ። አንዲት ዓይን አልነኩም።

«እትዬ ሃረግ» አልኳቸው፣ «አልፈቱትም?»

«ልፈታው ነበር» አሉ። ቁጣ የሌለበት ድምፅ ነበር። «ያንቺን ጫፍ ይዤም ነበር። ከዚያ ሁሉንም ዘርግቼ ሳየው እያንዳንዱን ማን እንደሠራው አወቅሁት። ያ የኣፅብሃ እጅ ነው፣ ያ የላጲሶ። ይሄ አንቺ ነሽ፤ እያለቀስሽ የሠራሽው። ብፈታው ክር ብቻ ነው የሚሆነው።»

ልጄን አነሱና ጠቀለሏት። ሐሊማ ወዲያው አንዲት እግሯን በኔ ጉድጓድ አሾልካ አወጣች። «አላልኩም?» አሉ እትዬ ሃረግ፤ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ።

እኔ ግን መሳቅም አልቻልኩ። የተጠራቀመው የዘጠኝ ዓመት እንባ መጣ፤ ልጄም ላይ፣ ቢጫውም ላይ ፈሰሰ።

«አታልቅሺበት!» ብለው ጮኹብኝ። «ሱፍ ነው! ከረጠበ ይሰበሰባል! ስንት የተደከመበትን…»

በብርድ ልብሱ ጥግ ላይ አንዲት ግራጫ ካሬ አለች፤ ከሁሉም ቀጥ ያለችው፣ ስሕተት የሌለባት። ሙሉነሽ ጆሮዬ ላይ ተጠግታ «እሱ ነው የሠራት፣ በሩን ቆልፎ፤ ሰው እንዳያየው» ብላ ሹክ አለችኝ። ዞር ስል ሊቀመንበሩ ጣራ ጣራ ያያሉ። እትዬ ሃረግ ደግሞ እኔን መቆጣታቸውን ሳያቆሙ፣ ያቺኑ የሊቀመንበሩን ግራጫ ካሬ አንስተው የራሳቸውን ዓይን ጠረጉባት።